ወድቀው ያውቃሉ?

ሸሚዟን እየተኮሰች ነው የሰማችው። ሳሎኑንና ማድቤቱን የሚለየው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ማድቤት ውስጥ የሚንሾካሾክ ሰው ሳሎን ላለ ሰው በጆሮው የሚያወራ ያህል ነው። ታላቅ ወንድሟ ለእናታቸው፣ «ምን ላድርግ ታዲያ? ወድቃለች ብዬ ልጻፍላቸው? ‹የለም› ብዬ ልኬዋለሁ፤ አለቀ» ሲል ሰማችው። እናቷ የመለሰችው አልተሰማም፤ ብርጭቆ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ። «ሰው በራሱ ላይ ምስክር አይቆምም፣ እማዬ። ደግሞ እንዳትነግሪያት፤ ዛሬ ቃለ መጠይቅ አለባት፣ ልቧ መረጋጋት አለበት» አለ ወንድሟ። ካውያው እጅጌው ላይ ቆሞ ቀረ። ያነሳችው ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው።

የአብራሪነት ፈቃድ ካገኘች ዐሥራ አራት ወር ሆኗታል። በእነዚያ ወራት ግን መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ የአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ስልክ ታነሳለች። «ይቆዩ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል ነው የምትውለው። አየር መንገዱ ረዳት አብራሪዎች እንደሚቀጥር ያስታወቀ ዕለት፣ ማመልከቻው ላይ ያሉትን ሠላሳ አንድ ጥያቄዎች በወረቀት ገልብጣ ሠላሳውን መለሰች፤ አንዱን ባዶ ተወችው። ዐሥራ አራተኛው ጥያቄ፣ «በሥልጠና ወቅት በማናቸውም የበረራ ፈተና ወድቀው ያውቃሉ? መልስዎ አዎ ከሆነ ስንት ጊዜና ለምን እንደሆነ ይግለጹ» ይላል። ዛሬ እሞላዋለሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ እያለች የመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ በዚያ ቀን ደግሞ አብራት የምትሠራው ልጅ ታማ ቀረችና ከወንበሯ መነሳት አቃታት። ወንድሟ ጋ ደውላ ወረቀቱን በኮምፒውተር እንዲያስገባላት ለመነችው። ማታ «ላክኸው?» ስትለው፣ «ልኬዋለሁ፤ አንድም ባዶ የለውም» አላት። የማመልከቻው ቅጂ በስልኳ መጥቶላት ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልከፈተችውም። ብትከፍተው የምታገኘውን ታውቀው ነበር፤ ካላየሁት የለም ብላ ራሷን ስትደልል ሰነበተች እንጂ።

ማድቤት ስትገባ ሁለቱም ዝም አሉ። እናቷ ሻይና ዳቦ አቀረበችላት፤ ሻዩን ብቻ ጠጣች። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ እስከ ፌርማታው ሊሸኛት አብሯት ወጣ። ጫማውን በወጉ ሳያስር፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጎን ለጎኗ ይሄዳል። የዳቦ ቤቱን ጥግ ሲያልፉ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሰምቼሃለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ዐሥራ አራተኛውን።»

«እንግዲህ ካወቅሽው አፍሽን ጠብቂ» አላት። «የሆድን በሆድ ነው። አንድ ጊዜ ብትወድቂ ምን አለበት? አንድ ጊዜ መውደቅ መውደቅ አይባልም። እነሱ ግን ‹አዎ› የሚለውን ሲያዩ ቀጣዩን ገጽ አይገልጡም፤ ወረቀትሽን ወደ ጎን ነው የሚያደርጉት። ማን ሄዶ ያጣራል ብለሽ ነው?»

«ቢያጣሩስ?»

«ያኔ ተሳስቼ ነው ትያለሽ። ወንድሜ ነው የሞላው በያቸው፤ ጅል ነው በያቸው።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው ያለቀበት። ታክሲው ሲመጣ ሂሳቡን ለረዳቱ ቀድሞ ሰጠና፣ «በርቺ እቱ» ብሎ የበሩን ብረት በመዳፉ መታ።

ከኋላ ወንበር መስኮቱን ተደግፋ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብትወድቂ። ቤተሰቧ የሚያውቀው አንዱን ነው። የመጀመሪያው፣ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የሚበረርበት ፈተና ነበር። ደመና ውስጥ ገቡ፤ መስኮቱ እንደ ኖራ ግድግዳ ነጣ። ሰውነቷ ቀጥ ብለሽ እየሄድሽ ነው አላት፤ ፊቷ ያለው መሣሪያ ግን አውሮፕላኑ ወደ ግራ አዘንብሎ እየወረደ መሆኑን ያሳያል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ሰውነቷን አመነች። ፈታኙ «ለኔ ልቀቂው» ብሎ መሪውን ሲወስድባት፣ ከደመናው ሥር ሲወጡ፣ የአንድ ፋብሪካ ቆርቆሮ ጣሪያ ሊኖርበት በማይገባ ቦታ፣ በጎን በኩል ተደቅኖ አየችው። ይህን ለቤተሰቧ ስትነግር ጣሪያውን ዘለለችው። ሁለተኛው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ያ መሣሪያ እንዳያመልጣት ዓይኗን ተክላበት ስትወርድ፣ መውረድ ከሚፈቀድላት ከፍታ በታች መውረዷን አላየችም። ፈታኙ ምንም አልተናገረም፤ እርሳሱን ብቻ አስቀመጠ። ያን ቀን ቤት ገብታ፣ «አየሩ ተበላሽቶ ተላለፈ» አለች። በሦስተኛው አለፈች፤ እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ አደለች።

የአየር መንገዱ መሥሪያ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ሰማያዊ የተቀባ አዳራሽ ውስጥ ዐሥራ አራት አመልካቾች ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የሷ ዘጠኝ ነው። ጥግ ላይ ያለው ማሽን ውኃ የሚሸጠው መንገድ ላይ ካለው በእጥፍ ነው፤ ቢሆንም ሁሉም እየገዛ ይጠጣል፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሽንት ቤት ይመላለሳል። ከሷ ጋር ከአንድ የበረራ ትምህርት ቤት የወጣው ቀጭኑ፣ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ቀጭኑ» ነው የሚለው፤ እሱም አቤት ይላል። የነጠላ ሞተር ፈተናውን ሲወድቅ እሷ አውሮፕላን ማቆሚያው ጋ ቆማ አይታዋለች። ጎንበስ ብሎ፣ «ዐሥራ አራት ላይ ምን አልሽ?» ሲል ጠየቃት። መልስ ሳትሰጠው፣ «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ እንደ ሕፃን» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጉልበቱ ግን ከላይ ወደ ታች እንደ ስፌት መኪና ይመታ ነበር። እሷ የገዛችውን የውኃ ጠርሙስ ክዳን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። እናገራለሁ ስትል ወረቀቷ ወደ ጎን ሲደረግ ይታያታል፤ ዝም እላለሁ ስትል ደግሞ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ይመጣባታል። ስልኳን አውጥታ ቅጂውን ከፈተችው። «የለም» ይላል። ከሥሩ የሷ ስም አለ።

ዘጠኝ ቁጥር ሲጠራ የጠርሙሱን ክዳን ገጥማ ተነሳች።

ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ላይ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ካፒቴን፣ በስተቀኝ ከቅጥር ክፍል የመጣች ሴት፣ በስተግራ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ አሠልጣኝ። መጀመሪያ የጠየቋት የምትወደውን ነው፤ በመነሳት ላይ ሳሉ አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ ክንፍ ላይ በረዶ ቢይዝ፣ ካፒቴኑ ሲሳሳት ብታይ። መልሱ ራሱ እየመጣላት ድምፅዋ ተስተካከለ። ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርሻለሁ፣ አልፌያለሁ ብላ መተንፈስ ስትጀምር፣ ሴትየዋ ወረቀት ገለጠች።

«ዐሥራ አራተኛው ላይ ‹የለም› ብለዋል። እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል ነው፤ ልክ ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግባት። «አዎ» ብትል ሴትየዋ ገጹን ትገልጣለች፤ እጇ ገጹ ጫፍ ላይ ደርሷል። አብራሪዋ ያን እጅ አየች። «ልክ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር። «አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። በመሣሪያ በረራ።»

የሴትየዋ እጅ ቆመ። ካፒቴኑ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ንገሪኛ» አሉ። ነገረቻቸው። ስለ ደመናው፣ ስለ ሰውነቷ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ስላለችው፣ ለቤተሰቧ ስላልተናገረችው ጣሪያ ሳይቀር ነገረቻቸው። አሠልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «መሣሪያው ልክ እንደነበረ መቼ አመንሽ?» አላት።

«መሬት ስረግጥ።»

አሠልጣኙ ጻፈ። ካፒቴኑ፣ «እሺ፤ በድጋሚው አለፍሽ ማለት ነው» አሉ። ጥያቄ እንኳ አልነበረም፤ መንገድ ጠርገው የሰጧት ያህል ነው። «አዎ» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቤት ውስጥ ለዓመት ከመንፈቅ ስትለው የኖረችው ስለሆነ ቃሉ ሳይደናቀፍ ነው የወጣው፤ የፈራችውም ያኔ ነው፣ ስላልተደናቀፈ። ካፒቴኑ ወደ ሌላ ወረቀት ሄደዋል። የአሠልጣኙ ብዕር ይንቀሳቀሳል፤ «አንድ» ብሎ ሲጽፍ የምታየው መሰላት።

«ይቅርታ» አለች። «በድጋሚውም ወድቄያለሁ። ያለፍኩት በሦስተኛው ነው።»

ካፒቴኑ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት መልስ ሰጠሽኝ። የትኛውን ልያዝ?»

«ሁለተኛውን።»

«ከወረቀቱ ጋር ሦስት ነው። ወረቀቱን ማነው የሞላው?»

ወንድሜ ነው፣ ጅል ነው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እሱም በያቸው ብሏታል። «በእጄ አልሞላሁትም» አለች። «ባዶ የተውኩትን ጥያቄ የቤተሰብ ሰው ሞላልኝ። ቅጂው ስልኬ ላይ ነበር፤ ፈርቼ አላነበብኩትም። ስሙ ግን የኔ ነው።»

ካፒቴኑ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «የኔ ልጅ፣ በየበረራው የነዳጅ ወረቀት ይመጣልሻል» አሏት። «ሰው ሞልቶ ነው የሚያመጣልሽ። ፈርተሽ ሳታነቢ ትፈርሚበታለሽ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አላነበበችም። ሁለቱን ፈተናዎች ስትፈራ ኖራ፣ ለካ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሴትየዋ የተላከውን ማመልከቻ ከአዲስ ቅጽና ከብዕር ጋር ገፋችላትና፣ «እዚሁ ተቀምጠው ያርሙት» አለቻት። ከአንደኛው ጥያቄ ጀምራ አነበበች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና አለች። «እዚህም ስህተት አለ» አለች፤ «ቁመቴ ላይ አራት ሴንቲ ተጨምሯል።» ሴትየዋ ፊቷን በወረቀት ከለለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዐሥራ አራተኛው ላይ «አዎ፣ ሁለት ጊዜ» ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱን ለመጻፍ የተሰጣት መስመር አልበቃ ብሏት ወደ ጀርባው ዞረች። ከዚያ ስሟን ጽፋ ፈረመችበት።

ውጤቱ በዐሥር ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፋል ተባለ። እስከዚያ ከሕንፃው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩ እጇ ላይ ሲርገበገብ ዝም ብላ አየችው። ከሕንፃው ጀርባ ትልልቅ አውሮፕላኖች ይነሳሉ፤ መሬቱ በጫማዋ ሶል በኩል ይሰማታል። ቀና ብላ አላየችም።

ስድስት ቁጥሮች ነበሩ የተለጠፉት። ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አራት። ከሰባት ወደ ዐሥራ አንድ የሚዘለውን መስመር ደጋግማ አየችው፤ ትኩር ብላ ብታየው ዘጠኝ የሚበቅልበት ይመስል። የቅጥር ክፍሏ ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ በጣቷ ጠራቻት። «ፋይልዎ አልተዘጋም» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹ሐሰተኛ መረጃ› ተብሎ ቢያዝ ኖሮ ሁለተኛ እዚህ በር ላይ አይደርሱም ነበር። ‹በራሷ አንደበት አርማለች› ተብሎ ነው የተያዘው። ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ምዝገባ አለ። ይቀጠራሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ ማመልከት ግን ይችላሉ።» በሩን ልትዘጋ ስትል፣ «ያኔ ራስዎ ይሙሉት» አለቻት።

ደረጃው ላይ ቀጭኑ ቆሞ ይጠብቃታል። እንኳን ደስ ያለህ ልትለው አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዘ። «ስለኔ ጠየቁሽ?»

«ለምን ይጠይቁኛል?»

«ትምህርት ቤታችን አንድ ስለሆነ።» እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አሳያት። «ያለፉት ሁሉ ይህን ይፈርሙ ብለዋል። የሥልጠና መዝገባችንን ከትምህርት ቤቱ ለማስመጣት ፈቃድ ነው። ያስመጡት ይሆን? እንዲያው ለደንቡ ነው አይደል?»

«አላውቅም። ሴትየዋ አሁንም ቢሮ ናት። ግባና ንገራት።»

ቀጭኑ በሩን አየ፤ ከዚያ ደረጃውን አየ። «አልፌያለሁ እኮ» አላት፤ አለፍኩ ሳይሆን ተያዝኩ የሚል ሰው ድምፅ ነበረው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቁልቁል ወረደ። እስከ ምድር ቤቱ ድረስ የጫማውን ድምፅ ሰማችው፤ አንዴ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው ነበር። እናቷ ፊቷን አይታ መቀመጫ ቦታ ለቀቀችላት። ወንድሟ ግን ተነስቶ፣ «ስልክሽን ለምንድነው የማታነሺው? ምን አሉሽ?» አለ።

«አላለፍኩም። ቅጹን አረምኩት።»

«አረምኩት ማለት?»

«‹አዎ› ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ።»

«ራስሽን በራስሽ ጣልሽ! ሰው እንዴት በገዛ እጁ…» እያለ ቆመ። «ስንት ጊዜ አልሽ?»

«ሁለት። ሁለተኛው አልተላለፈም ነበር፤ ወድቄ ነው።»

ግድግዳው ማዶ የማድቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። እናቷ የሶፋውን ልብስ ጫፍ በጣቷ እያስተካከለች፣ «ተላለፈ ያልሽን ቀን ኬክ ገዝተሽ መጣሽ» አለች። «እየሳቅሽ። ቆርሰሽ አጎረስሽኝ።» አብራሪዋ ካፒቴኑ ፊት ያልመጣባት ዕንባ አሁን መጣባት። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት። እናቷ እጇን ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ አልጨበጠችውም፣ አልለቀቀችውምም።

ወንድሟ በመስኮቱ በኩል ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ሲናገር ወደ እነሱ አልዞረም። «ያ ድሮ ስነዳው የነበረ የድንጋይ መኪና ሲገለበጥብኝ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ» አለ። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ፍሬን አልያዘልኝም ነው ያልኩት። ከዚያ ሦስት ድርጅት ሄጄ ሥራ ስጠይቅ፣ አደጋ አድርሰህ ታውቃለህ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ሦስቱም እንደውልልሃለን አሉኝ። አራተኛው አውቶቡስ ድርጅቱ ነው። የለም አልኩ። በማግስቱ ቁልፍ ሰጡኝ።» መስኮቱ ላይ ያለውን አቧራ በጣቱ ጠረገ። «ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አለቃዬ በጠራኝ ቁጥር ተደረሰብኝ እላለሁ። ለደመወዝ ጭማሪ ጠርቶኝ እንኳ ቁልፉን ላስረክብ ይዤ ነው የገባሁት። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ እየነዳሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆን እያልኩ ሳልተኛ አድራለሁ። እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ ነው እንጂ፣ ላንቺ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ነግረሃቸው ቢሆንስ?» አለች እናቷ፣ እንደ መንሾካሾክ።

ዞሮ እህቱን አያት። ዛሬ ጠዋት ፌርማታው ጋ ቆሞ የሸኛት ሰው አይመስልም፤ ያረጀ ነበር። «ስትነግሪያቸው ምን ተሰማሽ?» አላት።

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

ልትመልስለት ስትል የሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሦስቱም አዩት። የአውቶቡስ ድርጅቱ ስምሪት ክፍል ነበር። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ወንድሟ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና አነሳው። «አቤት፣ ጌታዬ» አለ፤ እሷ እስከዛሬ ከአፉ ሰምታው በማታውቀው፣ በቀጠነ ድምፅ። ቆሞ አዳመጠ። «እሺ ጌታዬ፤ እሺ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ነገ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምወጣው። ተራ ቀይረው ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለሌላ ነገር አይደለም የደወሉት» ሲል ጨመረ።